የአማቴን ሰዓት ስንወለውል

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ እግራቸውን ሰብረው እንጅባራ እኛ ቤት የገቡት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔ ቤት የምውልበት፣ ባለቤቴ ደግሞ በመንገድ ሥራ ምክንያት ወደ ቆላ ወርዶ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ የሚልበት ጊዜ ነበር። ሐኪሙ እግራቸውን በጀሶ ካሰረ በኋላ ለክትትል ቅርብ ይሁኑ ስላለ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው ቤታቸው ይልቅ የእኛ ተመረጠ። ባለቤታቸው ከብቱንና እርሻውን ጥለው መምጣት አልቻሉም። ስለዚህ ያንን ክረምት እኔና አማቴ ብቻችንን ልናሳልፈው ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ጨነቀኝ። ካገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ከእሳቸው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርተን አናውቅም። እኔ ያደግሁት ዳንግላ ከተማ ቢሆንም እናቴ ምራት አማቷን ማፈር እንዳለባት አስተምራ ነው የዳረችኝ። «ድምፅሽን ዝቅ፣ ዓይንሽን ሰበር» ትለኝ ነበር። በዚያ ላይ የእነሱ ቤት ቋንቋ አዊኛ ነው። አማርኛውን ሁሉም አሳምረው ይችሉታል፤ ግን ወሬ ሲሞቅ ሳይታወቃቸው ወደ አዊኛ ይሻገራሉ። እኔ ዳር ተቀምጬ ሌሎቹ ሲስቁ እስቃለሁ፤ ዝም ሲሉ ዝም እላለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደፈራሁት አለፈ። ጠዋት «እንዴት አደሩ?» እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። «ምን ላምጣልዎ?» እላለሁ፤ «ምንም» ይላሉ። የታሰረ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው፣ በመስኮቱ አንጻር ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። የእንጅባራ ክረምት ደግሞ የሚታይ ነገር አይሰጥም፤ ጭጋጉ የጎረቤቱን ቆርቆሮ እንኳ ይደብቀዋል። ግራ እጃቸውን ሁልጊዜ ጋቢ ውስጥ ስለሚደብቁት፣ እጃቸውም ተጎድቶ ሊነግሩን ያልፈለጉ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ለምሳ ሳስታጥባቸው እጃቸውን ማውጣት ግድ ሆነባቸው። እጃቸው ደህና ነበር። የተደበቀው ሰዓቱ ነው። ፊቱን ወደ ውስጥ አዙረው አስረውታል። ውሃውን ሳፈስ ዓይኔ ጎኑ ላይ አረፈ፤ ጥቁሩ አካሉ በድንጋይ እንደተፋቀ ምጣድ ነጭ በነጭ ሆኗል።

ያንን ሰዓት አውቀዋለሁ። የሰጣቸው ትንሹ ልጃቸው፣ የእኔ ዋርሳ ነው። አዲስ አበባ የአውሮፕላን አካል የሚጠግንበት ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራል። በፋሲካ ሲመጣ ይዞላቸው መጥቶ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት እጃቸው ላይ ሲያስርላቸው ነበርኩ።

«አባባ፣ ይኼ ብረት አይደለም» ብሎ ነበር። «ካርቦን ፋይበር ይባላል። እኛ አውሮፕላን የምንጠግንበት ነው። ከብረት ይጠነክራል፤ ሲይዙት ግን ክብደት የለውም።»

«ካርቦን ምንድን ነው?» አሉ አማቴ።

ዋርሳዬ ትንሽ አሰበና «ያው ከሰል ማለት ነው» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እዚያ አገር ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል የማያከስል ሰው የለም፤ አማቴም ዕድሜያቸውን ከከሰል ጋር የኖሩ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ «የከሰል ሰዓት» እያለ ይጠራው ጀመር። እሳቸው ግን ይኮሩበት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም፣ ገበያ ሲወጡም፣ የነጭ ኩታቸውን ጫፍ ከእጃቸው ላይ ገለጥ አድርገው ነው።

ጉዳቱን ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። «አባባ፣ ከተማ ውስጥ ሰዓት ጠጋኝ አለ። ልውሰድልዎ?» አልኳቸው።

ወደ ምሳቸው ዞሩ። ከበሉ በኋላ ግን ሰዓቱን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ።

ሰዓት ጠጋኙ መናኸሪያው አጠገብ፣ በትልቅ ጥላ ሥር የሚሠራ ሽማግሌ ነው። መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ሰዓቱን አገላበጠው፤ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው፤ ጆሮው ላይ አድርጎም ሰማው።

«ውስጡ ደህና ነው» አለኝ። «ላዩ ብረት ቢሆን በሞተር አበራልሽ ነበር። ይኼ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም። የማላውቀውን ብነካ አበላሽብሻለሁ። ውሰጅው ልጄ።»

ተመልሼ የነገርኳቸው ጊዜ አማቴ «ከሆነማ ይቅር» አሉ። ቀስ ብለው ሰዓቱን አሰሩና እንደገና ጋቢ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ፣ ለእኔ ይሁን ለመስኮቱ ሳይታወቅ፣ «ልጁ ለዘመን መለወጫ ይመጣል» አሉ።

ወንድሜ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ዳንግላ ውስጥ የመኪና ቀለም ይቀባል። እኔ ያደግሁት ከእሱ ጋራዥ ጀርባ ነው፤ የቀለም ሽታ ለእኔ የቤት ሽታ ነው። ደወልኩለትና ሰዓቱን በስልክ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ኔትወርኩ ተጎትቶ ተጎትቶ ፎቶው ሲደርሰው መልሶ ደወለ።

«ይኼን ነገር አውቀዋለሁ» አለ። «አንድ ጊዜ የመኪና መስታወት ሽፋን ከዚህ የተሠራ መጥቶልኝ ነበር። ስሚ፣ ካርቦኑን አይደለም የምትወለውይው። ካርቦኑ እንደ ጨርቅ የተሠራ ነገር ነው፤ ከሥር ነው ያለው። ከላዩ እንደ መስታወት የጠራ ሙጫ ለብሷል። የተጫረው ሙጫው ከሆነ ይድናል። ጨርቁ ከተቆረጠ ግን ለእኔም አስቸጋሪ ነው። ነገ ነይና ዕቃውን ውሰጅ።»

በማግሥቱ ጠዋት ለአማቴ ምሳቸውን አዘጋጅቼ፣ ጎረቤቴን አደራ ብዬ በሚኒባስ ወጣሁ። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ሾፌሩ መንገድ ዳር የተደረደረ ከሰል ሊጭን ሲቆም ግማሽ ሰዓት ጠፋ። ዳንግላ ስደርስ ወንድሜ ዕቃውን በፌስታል አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት ሦስት ዓይነት፣ አንዱ ከአንዱ እየላመ የሚሄድ፣ ቀለም ቀቢዎች የሚለጥፉት የወረቀት ፕላስተር፣ በትንሽ ጣሳ ነጭ የማወልወያ ቅባት። ከዕቃው ይልቅ ምክሩ ይበዛ ነበር።

«በደረቁ እንዳትፍቂ። አቧራው ሳንባ ይገባል፤ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። ማስክ አድርጊ። መስታወቱንና ቁልፎቹን በፕላስተር ሸፍኚ። ደግሞ ማዕዘን ላይ ተጠንቀቂ፤ ሜዳው ላይ ሽፋኑ ወፍራም ነው፣ ማዕዘን ላይ ግን ስስ ነው። የሚወርደውን ውሃ እይ። ነጭ ከሆነ ሽፋኑን ነው የምትፍቂው። ጥቁር የሆነ ጊዜ ቁሚ! ጨርቁን ነክተሻል ማለት ነው።»

ቤት ስመለስ ለአማቴ ዕቃውን አሳየኋቸው። ወረቀቶቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ከሻካራው ወደ ልሙ ሳልነግራቸው በትክክል ደረደሯቸው። ከዚያ ሰዓቱን ፈትተው ሰጡኝ።

ሥራውን በማግሥቱ ጀመርን። ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የለም። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። ማሰሪያውን በመርፌ አወለቅሁ፤ መስታወቱን በፕላስተር ሸፈንኩ። በኮሮና ጊዜ ከተረፈ ማስክ ለእሳቸውም ለእኔም አመጣሁ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃ አደረግሁና ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨመርኩበት። ሐሳቤ እኔ ልሠራ፣ እሳቸው ሊያዩ ነበር።

አንድ ጎን ላይ ትንሽ እንደፈገፈግሁ «አትጫኝው» አሉ።

ቀለል አደረግሁ።

«አሁንም ትጫኛለሽ። ወረቀቱ ይሥራ እንጂ አንች ለምን ትደክሚያለሽ? እስኪ ስጭኝ።»

ሰጠኋቸው። የፈረስ ልጓምና ኮርቻ የሚጠግኑት ራሳቸው ናቸው፤ ቆዳ ሲያለፉ የኖሩ እጆች ናቸው። ወረቀቱን በጣታቸው ጫፍ ይዘው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ እንደማይነኩት አድርገው ያንሸራትቱታል። ሳህኑ ውስጥ እንደ ወተት የቀጠነ ነጭ ውሃ ይንጠባጠባል። ከማስኩ ሥር የሆነ ነገር ያንሾካሽካሉ። ጆሮዬን ቀሰርኩ፤ እየቆጠሩ ነው፣ በአዊኛ።

«ስንት ነው የሚቆጥሩት፣ አባባ?»

«ሃያ ወዲያ፣ ሃያ ወዲህ። ካልቆጠርሽ አንዱ ጎን ይጎደጉዳል።»

«እኔንም ያስቆጥሩኛ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ያንን ካልኩ በኋላ ደንግጬ ዓይኔን ሰበርኩ። እሳቸው ግን እስከ አምስት ድረስ አንድ በአንድ አሉልኝ፤ እኔም ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ አለ፤ እኔ ስለው እንደ ጉንፋን ሆነ። አማቴ ማስካቸውን አወረዱ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። የላይኛው ጥርሳቸው አንዱ እንደሌለ እንኳ አላውቅም ነበር።

እንዲያ እየተቀባበልን ቀጠልን። እሳቸው አንድ ጎን፣ እኔ አንድ ጎን። ሰዓቱ ሥራ ላይ ስለሆነ ጊዜውን የሚያዩበት አጥተው «ዘጠኝ አልሞላም?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ እኔ በስልኬ አይቼ እነግራቸዋለሁ። እጅ ሥራ ሲይዝ አንደበት እንደሚፈታ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ፊት ለፊት ተያይተን ብንቀመጥ የማንለውን፣ ሁለታችንም ወደ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር አጎንብሰን አወራን። ስለ ዳንግላ ጠየቁኝ። አባቴ በሕፃንነቴ እንደሞተና ወንድሜ እንዳሳደገኝ ነገርኳቸው። ይህን አራት ዓመት ሙሉ አያውቁም ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ጥያቄው ያመለጠኝ። የአደጋው ታሪክ በቤተሰቡ የታወቀ ነው። አማቴ ከሠርግ ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ ባጃጅ ድንገት ጡሩንባ ነፍቶ ፈረሳቸው ደነበረና ጣላቸው። ባለቤቴ ባጃጁን ፈልጎ ለማግኘት ሁለት ቀን ዞሯል።

«ለመሆኑ የባጃጁ ሹፌር እርስዎን ሲያይ ምን አለ? ዝም ብሎ ሄደ?» አልኩ።

አማቴ ሃያውን ቆጥረው ጨረሱ። ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነከሩና ሰዓቱን ለእኔ አቀበሉኝ።

«ባጃጅ የለም» አሉ።

«እንዴት የለም?»

«ስጋልብ ነው የወደቅሁት። ሽምጥ።»

እጄን አቆምኩ። እሳቸው መስኮቱን እያዩ ነገሩኝ። አንድ እኩያቸው፣ አብሮ አደጋቸው የሆነ ሰው አለ። ከሠርጉ አብረው ሲመለሱ፣ ከሐይቁ በላይ ካለው መስክ ላይ ደረሱ። ሰውየው ስለ ፈረሱ ያወራ ጀመር።

«የእኔ ፈረስ ከእሱ ፈረስ ይሻላል። እሱ ግን አያምንም። የፊተኛው ፈረሴም ከእሱ ይሻል ነበር፤ ያንንም አላመነም። በሕይወት እያለሁ አንድ ቀን ይመን አልኩና ...»

«ጋለቡ።»

«ጋለብን። ከዚያ ጉድጓድ ነበር።» እርጥብ ጣታቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረጉ። «ልጁ ይህን ሰዓት እጄ ላይ ሲያስርልኝ በጆሮዬ አንድ ነገር አስምሎኛል። አባባ፣ ከእንግዲህ በእርጋታ እንጂ ሽምጥ እንዳይጋልቡ አለኝ። እሺ ብዬዋለሁ። ፋሲካ ላይ ነው ያልኩት፤ ሰኔ ላይ ወደቅሁ። ይህን ደግሞ አንች አልሰማሽም።»

«አልሰማሁም» አልኩ።

ግን አቃተኝ። ሁለት ሽማግሎች፣ ነጭ ለብሰው፣ የሠርግ ጠላ ጠጥተው፣ በዚያ መስክ ላይ ሲሽቀዳደሙ ታዩኝ። ከንፈሬን ብነክስም ሳቄ በማስኩ ውስጥ ፈነዳ። እሳቸውም መጀመሪያ ተኮሳተሩ፤ ከዚያ አብረውኝ ሳቁ። እኔ እየሳቅሁ እጄ ሥራውን ቀጥሏል። ዝቅ ብዬ ሳይ ሳህኑ ውስጥ የሚወርደው ውሃ ጥቁር ሆኗል።

ሳቄ ደረቀ። ሰዓቱን በጨርቅ ጠረግሁት። ከማዕዘኑ አንዱ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ግራጫ ቦታ ወጥታለች። ስነካት ትሻክራለች። ወንድሜ ተጠንቀቂ ያለኝ ቦታ፣ ያለኝ ነገር ራሱ ነው የደረሰው።

«ምንድን ነው?» አሉ።

ሰዓቱን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት። ያ ሁሉ ሦስት ቀን የተላመድነው በአንድ ጊዜ የሚጠፋ መሰለኝ።

«ቆዳው ተልጧል» አሉ በመጨረሻ። «ሥጋው ግን አልተቆረጠም። ለወንድምሽ ደውይለት።» እንባዬን አይተው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ለሰስ አድርገው ጨመሩ፤ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ እግሬን ሰብሬ ማንም አልተቆጣኝም። አንች አንድ ማዕዘን ብትልጪ ምን ይሆናል፣ ልጄ?»

ልጄ ያሉኝ ያን ቀን ነው።

ወንድሜ በስልክ ትንሽ ሳቀብኝና መድኃኒቱን ነገረኝ። ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት፣ ቀለም የሌለው ሽፋን አለ፤ ማጠንከሪያው ለብቻው ነው፤ ተቀላቅሎ በቀጭን ብሩሽ ሦስት ጊዜ ይቀባል። በማግሥቱ በሁለት ትንንሽ ጠርሙስ አድርጎ፣ በደንብ አሽጎ፣ ለሚኒባስ ሾፌር ሰጠልኝ።

የመጀመሪያውን ሽፋን ቀባሁና ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ቆየት ብለን ስናየው ያ ጥርት ያለ ነገር እንደ ደመና ነጭ ሆኗል። እንደገና ደወልኩ።

«እርጥበት ነው» አለኝ ወንድሜ። «እንጅባራ ላይ በነሐሴ ክሊር መቀባት! ፀሐይ የለሽም?»

«ፀሐይ ከሰኔ ወዲህ አላየሁም።»

«እንግዲያው ፍቀሽ አንሺውና ለብ ያለ ደረቅ ቦታ ፈልጊለት። ከበዛበት ግን አረፋ ያወጣል፤ ሰዓቱም ይጎዳል።»

ለብ ያለ ደረቅ ቦታ። ቤቱ ውስጥ ልብስ እንኳ በሦስት ቀን አይደርቅም። ለአማቴ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ይኼማ የእኔ ሥራ ነው» ብለው ክራንቻቸውን ጠየቁ። ማድ ቤት ድረስ በአንድ እግራቸው እየዘለሉ ሄዱ፤ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ማንደጃው ላይ ከሰል አስነደዱኝ፤ ጢሱ ወጥቶ ፍሙ እስኪበስል በረንዳ ላይ አቆዩት፤ ከገባ በኋላ በአመድ ሸፈኑት። መስኮቱ ክፍት ይሁን አሉ። ከማንደጃው ፈቀቅ አድርገው ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ በጎኑ አጋደሙና በእጃቸው ጀርባ ሙቀቱን ለኩ። አልወደዱትም፤ አንድ ስንዝር አራቁት። እንደገና ለኩ።

«እጅሽን አስገቢ። ሃያ ቁጠሪ። ካቃጠለሽ ሞቋል፤ ካልተሰማሽ በርዷል።»

እጄን አስገብቼ ቆጠርኩ። እስከ አምስት በአዊኛ፣ ከዚያ በአማርኛ። ሃያ ስደርስ እጄ የሞቀ ዳቦ ላይ ያረፈ ያህል ነበር።

«እንዲህ ነው» አሉ።

ሰዓቱ ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ሦስት ቀን ከረመ። በየቀኑ አንድ ስስ ሽፋን እቀባለሁ፤ እሳቸው ሙቀቱን ይጠብቃሉ። አመዱን ገለጥ፣ ሸፈን ያደርጋሉ፤ ከርጩማው ለጸሎት ካልሆነ አይነሱም። ከሰል ሲያከስሉ ጉድጓዱን ሌሊትና ቀን እንዴት እንደሚጠብቁት ነገሩኝ፤ ጢሱ ሲቀጥንና ቀለሙ ሲለወጥ ምን ማለት እንደሆነ። በዚህ ጊዜ ሽፋኑ አልነጣም። በአራተኛው ቀን በጥፍሬ ስነካው ጠጣር ነበር።

የመጨረሻውን ሥራ የሠራነው ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት ነው። በጣም ልም በሆነው ወረቀት አለሰለስነው፤ ከዚያ ከአሮጌ ነጠላዬ ላይ ቁራጭ ቀደድኩና የማወልወያውን ቅባት ነካ እያደረግሁ ወለወልኩት። መጀመሪያ ደብዛዛ ጭጋግ ብቻ ነበር። ጨርቁን ገልብጬ በንጹሑ በኩል ስጠርገው፣ ከጭጋጉ ሥር ጥለቱ ወጣ። ትንንሽ ጥቁር አራት ማዕዘኖች፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተሻገረ። ስታዘነብለው የጠቆረው ይበራል፤ የበራው ይጠቁራል።

አማቴ ከእጄ ወሰዱት። መስኮቱ ላይ፣ ወዲህ ወዲያ አገላበጡት።

«ይኼማ ሽመና ነው» አሉ። «የተሸመነ ነው እኮ! ሲሰጠኝ እንዲህ ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ እንዲህ ነበር።»

«አላየሁትም» አሉ። «ሌላው ሰው እንዲያይልኝ ስሮጥ እኔ አላየሁትም።»

ማሰሪያውን መልሼ እጃቸው ላይ አሰርኩላቸው። የዚያን ቀን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ሰዓቱን ገልጠውት ዋሉ።

ዋርሳዬ የመጣው ጳጉሜ ውስጥ ነው። ባለቤቴም ከሥራ ተመልሶ ነበር፤ ሦስቱ ምሳ ላይ ተቀመጡ። እኔ እንደ ልማዴ እያስተናገድኩ ቆሜያለሁ። ዋርሳዬ ለአባቱ ሊያጎርሳቸው ሲጠጋ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ አረፈ። እጃቸውን ይዞ አዘነበለው። አንዴ አየ፤ ደግሞ አየ። ጉርሻው በእጁ እንዳለ ቀረ።

«ይኼን ማን ነካው?»

ዋርሳዬ ሥራው ይኼው ነው፤ በቀን በቀን የሚያየው ነገር ነው። ማዕዘኑን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«እኔ ነኝ» አልኩ ከቆምኩበት። «ተጭሮ ነበር፤ ወልውዬው ነው።»

«በምን ተጫረ?»

ምን ልበል? ባጃጅ ብል ውሸት ነው፤ እውነቱን ብል ቃሌን ማጠፍ ነው። መሶቡን ያለ ምክንያት ጠጋ አደረግሁት። ባለቤቴ ደግሞ ግራ ገብቶት እኔንና ወንድሙን ያፈራርቃል።

«እሷን አትጠይቃት» አሉ አማቴ። «እኔን ጠይቀኝ። ሽምጥ ስጋልብ ወድቄ ነው። ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም። እሷ ልትደብቅልኝ ነው የምትሰቃየው።»

ባለቤቴ እጁ ወጡ ላይ እንዳለ ቆመ። ባጃጁን የፈለገባቸው ሁለት ቀናት ፊቱ ላይ ሲያልፉ ታዩኝ። ዋርሳዬ አባቱን ትክ ብሎ አያቸው። እሳቸውም አገጫቸውን ቀና አድርገው ጠበቁት። ቁጣው መጣ ስል፣ ዋርሳዬ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ማን ቀደመ?» አለ።

«እስከምወድቅ ድረስ እኔ» አሉ አማቴ።

መጀመሪያ የሳቀው ባለቤቴ ነው። ከሳቁ በኋላ ግን ዋርሳዬ አልማራቸውም፤ በአዊኛ ረጅም ተግሣጽ አወረደባቸው። አማቴ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ከዚያ ሁሉ ንግግር የገባኝ ሁለት የሚለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ደጋግሞ ስላነሳው፣ ሁለተኛ አይልመድዎት ይሁን ሁለት እግር ነው ያለዎት፣ እስካሁን አልጠየቅሁም።

ከምሳ በኋላ ዋርሳዬ ሰዓቱን ይዞ ወደ በረንዳው ጠራኝ። «እኛ ጋ ቢሆን ይኼን ማዕዘን እንደገና ሥሩት እላቸው ነበር» አለኝ። «እይው፣ እዚህ ጋ ትንሽ አብጧል። ግን ይዟል። ሽፋኑ አይነሳም።» ከዚያ እንዴት እንዳደረቅነው ጠየቀኝ። ስለ ብስኩት ቆርቆሮውና ስለ አመዱ ስነግረው አላመነኝም፤ ማድ ቤት ወስጄ አሳየሁት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። ለሥራ ባልደረቦቹ አሳይቶ እንደሆን አላውቅም።

አማቴ ጀሷቸው ተፈትቶ በጥቅምት ወደ አገራቸው ተመለሱ። እግራቸው ትንሽ ያነክሳል፤ ፈረሳቸው ላይ ግን ይወጣሉ። በፊት ሲደውሉ «እሱ የለም?» ብለው ባለቤቴን ይጠይቁ ነበር። አሁን ኔትወርክ ፍለጋ ከቤታቸው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተው ለእኔ ይደውላሉ። የሚያወሩት ብዙ አይደለም፤ የድንቹን መቆፈር፣ የላሟን መውለድ፣ የዚያን አብሮ አደጋቸውን ክፋት።

በኅዳር እኔና ባለቤቴ ልንጠይቃቸው ሄድን። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ዳር ይዤ ተቀመጥኩ። ወሬው ሞቀ፤ ሳይታወቃቸው ወደ አዊኛ ተሻገሩ። እኔም ሌሎቹ ሲስቁ ለመሳቅ ተዘጋጀሁ።

አማቴ እጃቸውን አነሱ፤ ቤቱ ዝም አለ።

«ያችን ነገር በአማርኛ ድገማት» አሉ ለሚያወራው ሰው። «ልጄ አልሰማችም።»

ሰውየው እየሳቀ ወሬውን ከመጀመሪያው ጀመረ። አማቴ መደቡ ላይ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝና በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ዓይኔን ሳልሰብር ሄጄ ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው የተቀቀለ ድንች በሳህን አቀረቡልን፤ ትኩስ ስለነበር እየተቀባበልን ላጥነው።